ኤም 1 ስለሚባለው የእናት ሐረግ፤ መነሻውና መስፋፋቱ

በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ በቈየው ልማድ ሰው ትውልዱን እንዲቈጥር የሚያስገድዱት ጉዳዮች በተለይ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ጋብቻ ነው፤ በሚጋቡት መካከል እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና አለመኖሩን ሽማግሎች በአባትም በእናትም በኩል እየወጡ ይመረምራሉ። ሁለተኛው ርስት ነበር። አለን ሆበን በ1973 ዓ.ም. ባሳተመው የአማራ የመሬት ሥሪት ጥናቱ በሰፊው እንዳስረዳው፣ ባለ ጉዳዩ ከመጀመሪያው አቅኚ አባት መወለዱን ለማስረዳት በወንድም ሆነ በሴት በኩል ቈጥሮ መድረስ ይችል ነበር። የርስት ክርክር ያደመጠ ሰው ሐረጉ ከወንድ ወደ ሴት፣ ከሴት ወደ ወንድ እየዘለለ ሲወጣ ይሰማ ነበር። ነገር ግን ከእናት ወደ አያት፣ ከአያትም ወደ እናትዋ እየተባለ፣ አንድ ወንድ እንኳ ሳይገባበት በሴቶች ብቻ የሚወጣውን መስመር ለይቶ የሚቈጥር ሰው አይገኝም ነበር። ያ መስመር ለብቻው የሚያስገኘው ርስትም ሆነ ስም አልነበረምና።

ማንም ያልቈጠረው ይህ መስመር ዛሬ ከሁሉ ይልቅ ርቆ ሊቈጠር የሚችል ሆኖ ተገኝቷል። በሰው አካል ውስጥ የእናት ብቻ የሆነ ጽሑፍ አለ፤ ይህም ጽሑፍ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲገለበጥ የደረሰበትን ለውጥ እየተከተሉ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ዓመታትን ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከእነዚህ የእናት ሐረጎች አንዱን፣ ሊቃውንት ኤም 1 ብለው የሰየሙትን ነው። እርሱን የመረጥንበት ምክንያት በአገራችን ብዙ ሰው የሚሸከመው ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። በእርሱ ምክንያት የተነሣው ክርክር፣ ማለት የሰው ልጅ ከአፍሪቃ የወጣበትና ወደ አፍሪቃ የተመለሰበት ጉዳይ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ስለ ተገለባበጠና ዛሬም ስላልተዘጋ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

አስቀድመን ስለ ጽሑፉ ጠባይ ጥቂት እንናገራለን። በሕዋስ ውስጥ ከአስኳሉ ውጪ፣ ለሕዋሱ ኀይል የሚያመነጩ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። እነርሱም የራሳቸው የሆነ፣ እንደ ቀለበት የዞረ አጭር ዲ ኤን ኤ አላቸው። በአስኳሉ ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደል ሲኖረው የሚቶኮንድሪያው ግን 16,569 ብቻ ነው። የአስኳሉ እኩሌታ ከአባት፣ እኩሌታ ከእናት ተወስዶ በየትውልዱ ይደባለቃል። የሚቶኮንድሪያው አይደባለቅም። በወንዱ ዘር ውስጥ ያሉት ጥቂት ሚቶኮንድሪያዎች ከእንቁላሉ ጋር ከተዋሐዱ በኋላ ስለሚጠፉ፣ ለሚወለደው ልጅ የሚተርፈው የእናቱ ብቻ ነው። ይህም በሰው ላይ በ1980 ዓ.ም. በግልጽ ተረጋገጠ። ወንድ ልጅም ቢሆን ይህን ከእናቱ ይወርሳል፤ ለልጆቹ ግን አያወርስም።

የአገራችንን የብራና መጻሕፍት ለሚያውቅ ሰው የቀረውን ማስረዳት ቀላል ነው። አንድ ጸሐፊ ከፊቱ ያለውን መጽሐፍ ሲገለብጥ አንዲት ፊደል ቢስት፣ ከእርሱ መጽሐፍ የሚገለብጡት ሁሉ ያንኑ ግድፈት ይወርሳሉ፤ አንዳንዶቹም የራሳቸውን ይጨምራሉ። መርማሪው ከብዙ ዘመን በኋላ በልዩ ልዩ ገዳማት የተገኙትን ቅጂዎች ሲያስተያይ፣ አንድ ዓይነት ግድፈት ያለባቸውን በአንድ ወገን ያደርጋቸዋል፤ ከአንድ እናት ቅጂ ወርደዋልና። የእናት ሐረግ ማለትም እንደዚሁ አንድ ዓይነት ለውጥ የተሸከሙ ሰዎች ወገን ነው። ሌላውን ሁሉ የሚያስተያዩበት መነሻ ቅጂ በ1981 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ተነብቦ ታተመ። የሚያስገርመው፣ በ1999 ዓ.ም. እንደገና ሲነበብ እርሱም ራሱ ጥቂት ግድፈት ተገኘበት፤ ከግድፈቱም አንዱ የሌለች ፊደል መጨመሩ ነበር። ነገር ግን የዓለም ሊቃውንት ሁሉ ቍጥሩን ስለ ለመዱት፣ የሌለችው ፊደል ቦታ እንደ ባዶ ቤት ተጠብቆ ቍጥሩ እንደ ነበረ ቀረ። የእኛም ጸሐፊዎች እንዲህ ያለውን ነገር አድርገውት ያውቃሉ።

ለውጡ በምን ያህል ዘመን አንድ ጊዜ እንደሚደርስ ከታወቀ፣ የሐረጉን ዕድሜ መገመት ይቻላል። በ2009 ዓ.ም. በወጣው በብዙዎች ተቀባይነት ባገኘ ስሌት፣ በጠቅላላው የሚቶኮንድሪያ ጽሑፍ ላይ በ3,600 ዓመት ገደማ አንድ ለውጥ ይደርሳል። እንግዲህ 25,000 ዓመት ያስቈጠረ ሐረግ የሚኖሩት ለውጦች ሰባት ያህል ናቸው ማለት ነው። በሰባት ምልክት ብቻ የሚቈጠር ሰዓት ከሺሕ ዓመታት በታች ያለውን ሊያሳይ እንደማይችል፣ የሚሰጠውም ዘመን ወዲያና ወዲህ ሊል እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። በዚህ ጽሑፍ የሚነገረውን ዘመን ሁሉ አንባቢ በዚህ መጠን እንዲቀበለው እንለምናለን።

በ1987 ዓ.ም. ረቤካ ካን፣ ማርክ ስቶንኪንግና አለን ዊልሰን ከልዩ ልዩ አህጉር የመጡ የ147 ሰዎችን ሚቶኮንድሪያ አስተያይተው፣ የሁሉም የእናት ሐረግ ከ200,000 ዓመት ገደማ በፊት በአፍሪቃ ወደ ነበረች አንዲት ሴት እንደሚያደርስ ጻፉ። ጋዜጦች ይህችን ሴት ሔዋን ብለው ጠሩዋት። ስሙ ለብዙ አለመግባባት ምክንያት ሆነ፤ በዘመኑ የነበረች ብቸኛ ሴት አልነበረችምና። ሌሎችም ነበሩ፤ ነገር ግን የእነርሱ መስመር አንድ ቦታ ላይ ሴት ልጅ ባልወለደች እናት፣ ወይም ወንዶች ብቻ በወለደች እናት ተቋርጦ ቀረ። ከዚህችው ሴት ከወረዱት ቅርንጫፎች ኤል 3 የተባለው ከ70,000 ዓመት ገደማ በፊት በምሥራቅ አፍሪቃ ወጣ። ከአፍሪቃ ውጪ ያለ ሕዝብ ሁሉ የጥንት የእናት መስመር ከኤል 3 በወጡት በሁለት ቅርንጫፎች ይጠቃለላል፤ እነርሱም ኤምና ኤን ይባላሉ። ኤን በአውሮፓም በእስያም በአውስትራልያም ሲገኝ፣ ኤም ግን የእስያ ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር፤ በሕንድ አገር ከሕዝቡ ከእኩሌታው በላይ የሚሸከመው እርሱን ነው። ስለዚህ በ1990ዎቹ መጀመሪያ መርማሪዎች ይህን ምልክት ሲያዩ ወዲያው እስያዊ ነው ይሉ ነበር።

ነገሩን ያናወጠው ኢትዮጵያ ናት። በ1998 ዓ.ም. ፓሳሪኖና ጓደኞቹ ኢትዮጵያውያንን በመረመሩ ጊዜ ይህ የእስያ ነው የተባለው ምልክት ከአምስት ወይም ከስድስት ሰው በአንዱ ገደማ ላይ ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ኲንታና-ሙርሲና ጓደኞቹ በኔቸር ጄኔቲክስ መጽሔት አዲስ አሳብ አቀረቡ። የኢትዮጵያና የሕንድ ኤም ከተለያዩ እጅግ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ስለዚህ ከእስያ በቅርብ ዘመን የመጣ አይደለም፤ ይልቁንስ ኤም ራሱ ከ60,000 ዓመት ገደማ በፊት በምሥራቅ አፍሪቃ ተወልዶ በቀይ ባሕር ደቡብ በኩል፣ ከዚያም በዐረብና በሕንድ ጠረፍ ወደ እስያ ሄደ የሚል ነበር። አሳቡ ባጭሩ ሲነገር፣ የሰው ልጅ ወደ እስያ የወጣበት በር የእኛው አገር በር ነው፣ በአገራችን ያሉት የኤም ሴቶችም ወደ ውጭ ከሄዱት እኅቶቻቸው ተለይተው በቤታቸው የቀሩ ናቸው ማለት ነው።

ይህ አሳብ በብዙዎች ዘንድ በደስታ ተቀባይነት አገኘ፤ በእኛም ዘንድ ደስ ያሰኘው ሰው ብዙ ነበር። አሳቡ በማስረጃ የቀረበ ነበርና አላዋቂነት ነው አይባልም። ነገር ግን አንድ ድክመት ነበረበት። አንድ ግንድ ከበቀለበት ስፍራ የሚጠበቀው የቅርንጫፍ ብዛት ነው። ኤም በኢትዮጵያ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ከኤም 1 ሌላ የቈዩ ልዩ ልዩ የኤም ቅርንጫፎች በኢትዮጵያ ሊገኙ በተገባ ነበር። ከ1999 ዓ.ም. በኋላ በሕንድና በደቡብ ምሥራቅ እስያ የተደረገው ምርመራ ከሥር የሚለያዩ በአሥር የሚቈጠሩ የኤም ቅርንጫፎችን አወጣ፤ በአፍሪቃ ቀንድ ግን የተገኘው ሥር ያለው ቅርንጫፍ ኤም 1 ብቻ ነው። ሁለተኛም የኤም ዕድሜ 60,000 ዓመት አካባቢ ሲሆን የኤም 1 ዕድሜ እንደየሰዓቱ አቈጣጠር ከ25,000 እስከ 40,000 ዓመት ይገመታል። አያቲቱና የልጅ ልጂቱ በዕድሜ እጅግ ይራራቃሉ፤ በመካከል ያለው ዘመን በአፍሪቃ ያለፈ ስለ መሆኑ ምንም ምልክት የለም።

በ2006 ዓ.ም. አና ኦሊቪየሪና ጓደኞቿ በሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጥናት 81 የኤም 1ንና የዩ 6ን ሙሉ ጽሑፎች አንብበው ፈጽሞ ተቃራኒ የሆነ ውሳኔ ላይ ደረሱ። ዩ 6 በሰሜን አፍሪቃ በብዛት የሚገኝ ሐረግ ነው፤ እናቱ ዩ ግን የምዕራብ እስያና የአውሮፓ መሆንዋ አያከራክርም። ኤም 1 እና ዩ 6 በአፍሪቃ የሚገኙባቸው አገሮች ብዙ ጊዜ ይገናኛሉና፣ ሁለቱ ሐረጎች ከ40,000 እስከ 45,000 ዓመት በፊት ከምዕራብ እስያ ተነሥተው አንድነት ወደ አፍሪቃ ተመለሱ አሉ። ሰው ወደ አውሮፓ የገባበት ዘመንም ይኸው ነው። በ2007 ዓ.ም. ጎንሳሌስና ጓደኞቹም ኤም 1 ወደ አፍሪቃ የተመለሰ ጥንታዊ ስደት ምልክት ነው በማለት ጻፉ። እንግዲህ በቤት የቀረች የተባለችው እኅት ወጥታ የተመለሰች ሆነች።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ቀረበ፤ ሚዛን የሚደፋም ይመስል ነበር። ኤም 1 ከምዕራብ እስያ መጣ ከተባለ፣ በምዕራብ እስያና በአውሮፓ ሌሎች የኤም ልጆች የት አሉ? ዛሬ በዚያ ያለው ሕዝብ ከጥቂት በኋላ የመጡ መስመሮች በቀር ኤምን አይሸከምም። መልሱ የተገኘው ከሕያዋን ሳይሆን ከአጥንት ነው። በ2016 ዓ.ም. ፖስትና ጓደኞቹ በበረዶው ዘመን በአውሮፓ ከነበሩ ሰዎች አጥንት ያወጡትን ሲያነቡ፣ በቤልጅግና በፈረንሳይ ከተገኙት የጥንት ሰዎች አንዳንዶቹ ኤም ሆነው ተገኙ። በኋላም በቡልጋሪያ በባቾ ኪሮ ዋሻ ከተገኙት 45,000 ዓመት ገደማ ከሚሆናቸው ሰዎች መካከል ኤም ታየ። ስለዚህ ኤም በምዕራብ ነበረ፤ ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት የበረዶው ብርድ ከመጠን ባለፈ ጊዜ ከአውሮፓ ጠፋ። በዚያው ዓመት በሩማንያ በሙየሪይ ዋሻ የተገኘች 35,000 ዓመት ያህል የሆናት ሴት የዩ 6ን ሥር ተሸክማ ተገኘች። ዛሬ ያለው የሕዝብ ሥርጭት የትናንቱን ሥርጭት አያሳይም የሚለው ነገር በቃል ሁልጊዜ ይነገራል፤ እነዚህ ጥቂት አጥንቶች ግን በተግባር አሳዩት። በሕያዋን ብቻ የተሠራው ሥዕል ሁሉ፣ የ1999ኙም የ2006ቱም፣ እንደገና መታየት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

በአፍሪቃም ምድር አንድ ማስረጃ ተገኘ። በሞሮኮ በታፎራልት ዋሻ የተቀበሩ ከ14,000 እስከ 15,000 ዓመት የሚሆናቸው ሰዎች ጽሑፍ በ2018 ዓ.ም. ታተመ። ከተነበቡት ሰባት ሰዎች ስድስቱ ዩ 6፣ አንዱ ኤም 1 ነበሩ፤ ያውም ኤም 1 ቢ የተባለው ቅርንጫፍ ነው። በአስኳላቸው በኩል ደግሞ ሁለት እጅ ያህሉ ከጥንት የምዕራብ እስያ ሰዎች ጋር፣ አንድ እጅ ያህሉ ከሰሐራ ወዲህ ካሉት አፍሪቃውያን ጋር የሚዛመድ ሆነ። እንግዲህ ኤም 1 ዐረብም ሆነ ፊንቄ ወይም ሮማ ከመምጣታቸው፣ እርሻም ከመጀመሩ በፊት በአፍሪቃ እንደ ነበረ የሚክድ የለም።

ኤም 1 በሁለት ታላላቅ ቅርንጫፎች ይከፈላል። ኤም 1 ቢ በሰሜን አፍሪቃና በሜዲትራኒያን ዙሪያ ይበዛል፤ ኤም 1 ኤ የምሥራቅ አፍሪቃ ነው፤ ብዙ ንዑስ ቅርንጫፎችም ያሉት በዚሁ በእኛ አካባቢ ነው። በላይኛው ግብፅ በጉርና መንደር የተመረመሩት ሰዎች በኤም 1 ብዛት ኢትዮጵያውያንን ሲመስሉ፣ በካውካስና በምዕራብ እስያ ግን በጥቂቱ ብቻ ይገኛል። በ2012 ዓ.ም. ኤርዋን ፔናሩንና ጓደኞቹ ብዙ ሙሉ ጽሑፎችን ሰብስበው ባወጡት ጥናት ኤም 1 እና ዩ 6 እንደ መንታ መታየታቸው ትክክል አይደለም፣ ታሪካቸው ይለያያል፣ የተስፋፉትም ወደ አፍሪቃ ገቡበት ከተባለው ዘመን እጅግ ዘግይተው ነው ብለዋል። ይህን አሳብ እኛም እንቀበላለን። ሁለት መንገደኞች በአንድ ከተማ ስለ ተገኙ አንድነት መጡ ማለት አይቻልም።

የኤም 1 እኅቶች እነማን እንደ ሆኑ ሲጠየቅ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይታያል። በዛሬው የሐረጎች ዛፍ ኤም 1 በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከሚገኙት ከኤም 20 እና ከኤም 51 ጋር በአንድ ጕንጕን ታስሯል። የሚያስተሳስራቸው ግን አንዲት ለውጥ ብቻ ናት፤ አንዲት ለውጥ ደግሞ ሁለት ጊዜ በተለያየ ቦታ ልትደርስ ትችላለች፤ ሁለት ጸሐፊዎች ሳይተያዩ አንዲቱን ፊደል እንደሚስቱ ማለት ነው። ስለዚህ በዚህች ላይ ብቻ ቆሞ ኤም 1ን ከሩቅ ምሥራቅ ማምጣት የሚገባ አይመስለንም።

ወደ ቅርብ ዘመን ስንመጣ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመን የባብ ኤል መንደብ ጥናት ነው። በእኛና በየመን መካከል ያለው ባሕር በጠበበበት 30 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ዐረቦች የእንባ በር ብለውታል። ቶማስ ኪቪሲልድና ጓደኞቹ በ2004 ዓ.ም. የ270 ኢትዮጵያውያንንና የ115 የመናውያንን ሚቶኮንድሪያ አስተያይተው በወዲህም በወዲያም የአፍሪቃ ሐረጎችና የኤምና የኤን ሐረጎች እኩል ለእኩል ያህል ተቀላቅለው አገኙ። በድምሩ ሲታይ ሁለቱ ሕዝቦች አንድ ይመስላሉ። ነገር ግን ዝርዝሩን ሲያነቡ መመሳሰሉ ከላይ ብቻ ሆነ። የኢትዮጵያው የአፍሪቃ ክፍል በአገሩ የበቀለና የቈየ ሲሆን፣ ከየመናውያኑ የአፍሪቃ ሐረጎች ጕልህ የሆነው ክፍል ዛሬ በደቡብ ምሥራቅ አፍሪቃ ካሉት የባንቱ ቋንቋ ተናጋሪዎች ጋር ይገናኛል። በዚያው ሰሞን፣ በ2003 ዓ.ም.፣ ማርቲን ሪቻርድስና ጓደኞቹ በሐድራማውት ካለው የእናት ሐረግ ከሦስት አንድ እጅ ያህሉ ከሰሐራ ወዲህ የመጣ አፍሪቃዊ መሆኑን፣ በአባት በኩል ግን በዐረብ አገሮች እንዲህ ያለው አፍሪቃዊ ምልክት እጅግ ጥቂት መሆኑን ጽፈዋል።

ይህ ልዩነት የሚናገረው ታሪክ ለታሪክ ተማሪ አዲስ አይደለም። በሕንድ ውቅያኖስና በቀይ ባሕር ይሸጡ ከነበሩት ባሮች ሴቶች ብዙ ነበሩ፤ በእስልምና ሕግም ጌታዋ የወለደላት የባሪያ ልጅ ነጻ ሆኖ የአባቱን ወገን ይይዝ ነበር። አባት ዐረብ፣ ስሙም ዐረብ፣ ነገዱም ዐረብ፤ የእናት ስም ግን በትውልዱ ዝርዝር አይገባም። በዐረብ ምድር የሚገኘው የኤም 1 አብዛኛው ክፍልም ከምሥራቅ አፍሪቃው ከኤም 1 ኤ የወጣ ነው። ከኢትዮጵያ ተፈንግለው በምጽዋ፣ በታጁራና በዘይላ በኩል የተሻገሩ ልጃገረዶች በጂዳና በሆዴይዳ ገበያ "ሐበሽ" ተብለው ሲሸጡ እንደ ነበሩ መንገደኞች ጽፈዋል፤ የሳዑዲ ዐረቢያና የየመን መንግሥታት ባርነትን በሕግ የከለከሉትም በ1962 ዓ.ም. ነው። ማንም ያልጻፈውን የእነዚያን ሴቶች ዝርዝር የልጅ ልጆቻቸው ደም ጠብቆታል። ከዚህ ምርመራ ሁሉ የታሪክ ጸሐፊን ከፍ ያለ ጥቅም የሚሰጠው ይህ ክፍል ነው ብለን እናምናለን፤ የ40,000 ዓመቱ ክርክር የቱንም ያህል ቢያጓጓ።

ወደ ደጋው አገራችን ስንመለስ ያልተፈታ አንድ ቋጠሮ አለ። በጋሞ ደጋ በሞጣ ዋሻ የጋሞ ሽማግሎች በመሩአቸው አጥኚዎች እጅ የተገኘው ሰው 4,500 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ከጆሮው አጥንት የወጣው ጽሑፉ በ2015 ዓ.ም. ሲታተም ከአፍሪቃ የተገኘ የመጀመሪያው ሙሉ የጥንት ጽሑፍ ሆነ። ይህ ሰው በእናቱ በኩል ኤል 3 ኤክስ ነው፤ በአስኳሉም ከምዕራብ እስያ የመጣ ነገር የለበትም፤ ከዛሬዎቹም ይበልጥ አሪዎችን ይቀርባል። በዚያው ጽሑፍ የምዕራብ እስያ ደም በመላው አፍሪቃ ተሰራጭቷል የሚል አሳብ ነበረ፤ ይህ ግን በሁለት የሒሳብ ፕሮግራሞች አለመጣጣም የተፈጠረ ስሕተት መሆኑን ባለቤቶቹ ራሳቸው ደርሰውበት በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ አረሙት። እንዲህ ያለ እርማት የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ወሬ በየጋዜጣው ሲዞር እርማቱን ያነበበው ጥቂት ሰው መሆኑን ተመልክተናል። ከዚህ አስቀድሞ በ2012 ዓ.ም. ሉካ ፓጋኒና ጓደኞቹ የሴምና የኩሽ ቋንቋ በሚናገሩ ኢትዮጵያውያን ላይ ያለው ከአፍሪቃ ውጪ የመጣ ክፍል የተቀላቀለው ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን ገምተዋል።

እንግዲህ ቋጠሮው ይህ ነው። ኤም 1 በአፍሪቃ ቀንድ 20,000 ዓመትና ከዚያ በላይ ቈይቶ ከሆነ፣ ከ4,500 ዓመት በፊት የነበረው የሞጣ ሰው እንዴት አንዳች አልደረሰውም? ሁለት መልስ ሊሰጥ ይቻላል። አንደኛው፣ አስኳል በየትውልዱ እኩሌታው ስለሚለወጥ፣ በጥንት የገቡ ጥቂት ሴቶች የአስኳል ድርሻ በመቶ በሚቈጠር ትውልድ ውስጥ ተሟሙቶ ሲጠፋ፣ የሚቶኮንድሪያው መስመር ግን ሳይደባለቅ ሊቀር ይችላል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ኤም 1 ኤ ብዙ ዘመን የቈየው በታችኛው ዓባይ ሸለቆና በቀይ ባሕር ዳር ነው፤ ወደ ደጋው የወጣው ከከብት አርቢዎች ጋር በኋላ ዘመን ነው የሚል ነው። እኛ ወደ ሁለተኛው እናደላለን፤ የግብፅ ጉርና ሰዎች የሚያሳዩትና የፓጋኒ ዘመን አቈጣጠር ለእርሱ ይመቻሉና። ይሁን እንጂ የሞጣ ሰው አንድ ሰው መሆኑን፣ የደቡብ ምዕራብ ደጋ ሰውም መሆኑን እናስታውሳለን። በአንድ አጥንት የትግራይን፣ የአፋርንና የሐረርጌን ቈላ መወሰን አይቻልም።

ከዚህ በላይ ሐረጉን ወደ ቋንቋ የሚስቡት አሉ። ኤም 1 የአፍሮ-እስያ ቋንቋዎች ወላጅ ከተነገረበት ሕዝብ ጋር ሄዷል የሚል አሳብ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ቋንቋ ግን ከእናት ብቻ አይወረስም፤ ከባል፣ ከጎረቤት፣ ከገዢም ይወረሳል። በአገራችን ሕዝብ በአንድ ምዕት ዓመት ውስጥ ቋንቋውን ሲለውጥ ታይቷል፤ ሚቶኮንድሪያውን ግን ማንም አልለወጠም። የዘመኑም ነገር አይገጥምም፤ የሐረጉ ዕድሜ የቋንቋ ሊቃውንት ለዚህ የቋንቋ ቤተ ሰብ ከሚሰጡት እጅግ ይበልጣል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ግን የቤተ እስራኤል ጉዳይ ነው። በአይሁድ ሕግ ሰው አይሁዳዊ የሚባለው በእናቱ ስለ ሆነ፣ የእናት ሐረግ ምርመራ የዚህን ሕዝብ ይሁዲነት የሚያረጋግጥ ወይም የሚያፈርስ አድርገው የገመቱ ሰዎች አልጠፉም። ዶሮን በሐርና ጓደኞቹ በ2008 ዓ.ም. የዓለምን የአይሁድ ማኅበሮች የእናት ሐረጎች ባጠኑ ጊዜ የቤተ እስራኤል ሐረጎች በአብዛኛው ከምሥራቅ አፍሪቃ ሕዝብ ጋር የሚተባበሩ ሆነው ተገኙ። ነገር ግን የሃይማኖቱ ጥያቄ ከዚያ አስቀድሞ በሃይማኖቱ መንገድ ተወስኖ ነበር፤ በ1973 ዓ.ም. የእስራኤል ዋና ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ የቀደሙትን መምህራን ቃል ተከትለው ቤተ እስራኤል ከነገደ ዳን ናቸው ሲሉ ፈረዱ። የእናት ሐረግ በሕጉ ዘንድ ሃይማኖትን የጠበቀች እናት መሆን እንጂ የፊደል ለውጥ አይደለም፤ ወደ እምነቱ የገባች ሴትም ልጆችዋ አይሁድ ናቸው። በሌሎች የአይሁድ ማኅበሮችም የአገሬው ሴቶች ሐረግ በየሥፍራው ተገኝቷልና፣ ምርመራው በአንዱ ላይ ፍርድ ሆኖ በሌላው ላይ ዝም ሊባል አይገባም።

በመጀመሪያ ወደ ጠቀስነው ወደ ሰባት ቤት እንመለስ። አንድ ሰው ወደ ላይ ሰባት ትውልድ ቢቈጥር በሰባተኛው ደረጃ 128 ወላጆች አሉት። የሚቶኮንድሪያው ጽሑፍ የሚናገረው ከእነዚህ ስለ አንዲቱ ብቻ ነው፤ ስለ ቀሩት 127 ምንም አይናገርም። በአሥረኛው ትውልድ ከ1,024 አንዲቱን ይወክላል። "እኔ ኤም 1 ነኝ" የሚል ሰው፣ ዛሬ በገንዘብ የሚመረምሩ ድርጅቶች ይህን ቃል እያስለመዱ ነውና፣ ከሺሕ አያቶቹ ስለ አንዲቱ ተናገረ እንጂ ስለ ራሱ አልተናገረም። በአንድ ቤት የሚኖሩ ባልና ሚስት፣ አንዱ ኤል 3 ሌላዋ ኤም 1 ሲሆኑ፣ ልጆቻቸው ሁሉ ኤም 1 ይሆናሉ፤ የአባታቸው እናት ግን ከዚያ ወዲያ በእርሱ በኩል አትቈጠርም።

የሞጣን ሰው የአገሬው ሰዎችና አጥኚዎቹ ባይራ ብለው ሰየሙት፤ በጋሞ ቋንቋ በኵር ማለት ነው። የእርሱ የእናት ሐረግ የሆነው ኤል 3 ኤክስ ዛሬም በአፍሪቃ ቀንድ ሕያው ነው። እርሱ ግን ወንድ ነበርና፣ ልጆች ወልዶ ከሆነም ይህን ሐረግ ያወረሱት እኅቶቹና የእናቱ እኅቶች ናቸው። ሽማግሎቹ ዋሻውን ያወቁት ቀድሞ በጦርነት ጊዜ መሸሸጊያ ስለ ነበረ ነው፤ ከድንጋይ ክምር በታች መቃብር መኖሩ የታወቀው ግን ተቈፍሮ ሲታይ ነው። እንዲህ ያሉ ዋሻዎች በትግራይ፣ በሐረርጌና በባሌም አሉ፤ የኤም 1 ጥያቄም ከእንግዲህ የሚመለሰው በደም ናሙና ሳይሆን እነዚያ ዋሻዎች ከሽማግሎቹ ጋር በጥንቃቄ ሲመረመሩ ነው።